አልፈታ ያለው ክዳን



በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የልብና የምላስ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት መኪና ሥር ተኝቶ ካልሆነ በቀር የማይታይ፣ አፉ ከቡና ስኒ አፍ ብዙም የማይሰፋ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ነው። «የመድረሳ አስተማሪን ከመኪና ዘይት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነበሩ። ከቁርኣን ቤት ስመለስ ማታ ማታ ባትሪ እያበራሁ፣ ቁልፍ እያቀበልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ዛሬም ከቤተሰቦቻችን ብዙዎቹ የሚያድሩት ባል ወይም ልጅ መኪና ነድቶ በሚያመጣው ገንዘብ ስለሆነ ነገሩ ከቤታችን የራቀ አይደለም።

የሞተር ዘይት በሞተሩ ውስጥ ሲዘዋወር ቆሻሻና የብረት ብናኝ ይይዛል። ይህን የሚያስቀረው የዘይት ፊልትሮ ነው። በአባቴ ላዳ ላይ የነበረው ፊልትሮ ሙሉ በሙሉ ቆርቆሮ ለብሶ እንደ ጣሳ የተሠራ ሲሆን፣ ሲያረጅ ከነቆርቆሮው ተፈትቶ ይጣላል። አልፈታም ካለ አባቴ ረጅም ካቻቢቴ በጎኑ ሰክተው ወዲያ ማዶ ያወጡትና እንደ እጀታ ይዘው ያዞሩት ነበር። ዘይቱ በክንዳቸው ላይ ቢወርድም ፊልትሮው ይወጣል። የሚጣል ነገር ስለሆነ ቢበሳ ማንም አያዝንለትም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩት ባለ 1.8 ሊትር ኮሮላዎች ብዙዎቹ ግን በዚህ መንገድ አልተሠሩም። በእነርሱ ላይ የሚቀየረው በውስጥ ያለው የወረቀት ፊልትሮ ብቻ ነው። ውጭውን የሚዘጋው ክዳን፣ መካኒኮቻችን ታፖ የሚሉት፣ ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ተመልሶ የሚገጠም ነው። ዙሪያውን 14 ጠርዝ አለው፤ ስፋቱ ወደ 65 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ለእርሱ ተብሎ የተሠራ፣ ጣሳ የመሰለ፣ በጠርዞቹ ላይ ልክ የሚገባ ቁልፍ አለ። እንግዲህ የአባቴን ካቻቢቴ በዚህ ክዳን ላይ የሚሰካ ሰው ፊልትሮ አልፈታም፤ መኪናዋን አቆማት።

መቼም ካቻቢቴ ካልኩ አይቀር፣ ይህ ሰፈር ያቆየልንን ቃላት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፊልትሮ፣ ታፖ፣ ካምቢዮ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲሄድ ቋንቋው በጋራዥ ውስጥ ቀረ። አባቴ ጣሊያንኛ አያውቁም ነበር፤ ይሁንና መኪናቸው ስትበላሽ ከአፋቸው የሚወጣው ግማሹ ጣሊያንኛ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የእህቴ ልጅ በልጅነቱ አባቱን ያጣ ሲሆን፣ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚያስተዳድረው በአንዲት ኮሮላ ነው። መኪናዋ የእርሱ አይደለችም። ለባለቤቷ በየሳምንቱ የሚያስረክበው የተቆረጠ ገንዘብ አለ፤ መኪናዋ ቆማ ብትውልም ሒሳቡ አይቆምም። ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከቤኒን መስጊድ ብዙ ወደማይርቀው ግቢያችን ይዟት መጣ። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገዝቷል። «አጎቴ፣ ዘይቱን ራሴ ልቀይር ብዬ ነበር፤ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አልል አለኝ» አለኝ። ከዚያ በፊት የቀየሩለት አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር።

ያን ጣሳ የመሰለ ቁልፍ ፈለግን፤ አጣን። እህቴ ዶሮ ማነቂያ ትኖር በነበረ ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም። አጥሩ ላይ ቆሞ መጣራት ብቻ ይበቃ ነበር። አንዱ ጎረቤት ሞርሳ አለው፤ ሌላው የቧንቧ ቁልፍ፤ ሦስተኛው ምንም ባይኖረው መጥቶ አብሮ ይተኛል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ፤ እህቴም ከእነርሱ አንዷ ናት። ስለ አዲሱ መንገድና ስለ መብራቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የጎረቤት ቁልፍ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ ሄዷል። በአጠገባችን ያለፈ አንድ ወጣት አይቶን «መሮ ደግናችሁ በመዶሻ ብትመቱት በአንድ ምት ይፈታል» ብሎ መከረን። የእህቴም ልጅ ዓይኑ ወደ መዶሻው ሄደ። «ብትመታው ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ነገ በምን ትሠራለህ?» አልኩት። ተወው።

አንባቢያን ሆይ፣ እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባው ክዳኑ ለምን እንደ ጠበቀ ነው። ፕላስቲክ እንደ ብረት አይዝግም። ክዳኑን የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ሲዘጋ ከልክ በላይ መጥበቁ ነው። ሁለተኛው፣ በአንገቱ ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት፣ ማለትም ጓርኒሲዮኑ፣ ደርቆ ከግድግዳው ጋር መጣበቁ ነው። ሁለቱም በጉልበት ሳይሆን በሙቀትና በጥሩ አያያዝ የሚሸነፉ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ነፍስ ትቅደም። ፒያሳ ሜዳ አይደለችም፤ ወደ ቸርችል ጎዳና ብትሄዱ ቁልቁለት፣ ወደ እሪ በከንቱ ብትሄዱ ቁልቁለት ነው። እኛም ከግቢው ውስጥ ደልዳላውን ቦታ መርጠን፣ የፊት ጎማዎቹን በሁለት ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላዎች ላይ አወጣናቸው። የእጅ ፍሬን ያዝን፤ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አደረግን። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ከራሱ አልፎ ልጆቹን ለአደጋ እየዳረገ ነው። ክሪክ የተሠራው ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ለማሳደር አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ ያህል አስነሥተን አጠፋን። ዘይቱ ለብ ሲል የጎማ ቀለበቱም ይላላል። በጣም ከጋለ ግን እጅ ያቃጥላል፤ የጭስ ማውጫው ቱቦም ቅርብ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ይቆይ። ይህን ለማፋጠን ብሎ ከሥር እሳት የሚያነድድ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ዘይት ባለበት ቦታ እሳት! ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ዘይቱን ከኮፓው ከማፍሰሳችሁ በፊት ክዳኑ እሺ ማለቱን እወቁ። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ ክዳኑ እንቢ ቢል ሞተሩን እንደገና አስነሥታችሁ ልታሞቁት አትችሉም። መጀመሪያ ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል ብቻ አላሉት፤ ከዚያ ወደ ኮፓው ሂዱ። ምንም ብታደርጉ እንቢ ካለ ደግሞ መኪናዋ አልሞተችም። አሮጌው ፊልትሮ ባለበት ይቆይና በማግሥቱ ቁልፉ ወዳለው ሰው ነድታችሁ ሂዱ። ክዳኑ ሳይሰበር ያደረ እንደሆነ አንድ ቀን መዘግየት ኪሳራ አይባልም።

አሁን ወደ አያያዙ እንግባ። ክዳኑ ዘይት የጠጣ ስለሆነ በእጅ ቢያዝ ይሟልጫል። በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ አጠብነው፤ በደረቅ ጨርቅ ደጋግመን አደረቅነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሥራ ንቆት ነበር፤ የሥራው ግማሽ ግን ይኸው ነው። ከዚያ በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ ዙሪያውን ቀስ ቀስ እያደረግን አንኳኳነው። ይህ መምታት አይደለም፤ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ማለት ነው። የተጣበቀውን ቀለበት ያነቃንቀዋል።

ቁልፍ የሆነልን ደግሞ ቀበቶ ነው። ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ማለትም ከጎማ ውስጠኛው ላስቲክ፣ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ ቆርጠን ክዳኑን አለበስነው። በላዩ ላይ የቆዳ ቀበቶ አንድ ጊዜ አዞርን። የቀበቶውን ሁለት ጫፍ አንድ ላይ ይዘን፣ አንድ ክንድ በሚሆን የመጥረቢያ እጀታ ላይ እየጠቀለልን፣ እንጨቱ ከክዳኑ ጎን ጋር እስኪላተም ድረስ አጠበቅነው። ከዚያ እንጨቱን ወደ መፍቻው አቅጣጫ መሳብ ነው። በሳባችሁት መጠን ቀበቶው ክዳኑን ይበልጥ ያንቀዋል። ከተንሸራተተ ወይ አልደረቀም፣ ወይ ቀበቶው የተጠቀለለበት ወገን ተገልብጧል፤ ፈትታችሁ በሌላው ወገን ጠቅልሉት።

መፍቻው አቅጣጫ የትኛው ነው? በጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ግራና ቀኙ ይምታታበታል። ብዙ ክዳን የሚጠብቀውም እየፈታሁ ነው በሚል ሰው እጅ ነው። የክዳኑን ፊት በቀጥታ እያያችሁ የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒው አዙሩ። ሌላ ሕግ አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ተንሸራተተ። በሁለተኛውም ተንሸራተተና የእህቴ ልጅ ክርኑን መሬት ላይ መታው። በሦስተኛው ረጅም መሳብ ትተን አጫጭር፣ ቆጠብ ያሉ ስበቶች አደረግን። በአራተኛው ስበት ላይ ይመስለኛል፣ እንደ ደረቅ ቅርፊት «ቀጭ» አለና ተንቀሳቀሰ። ልጁ «አል-ሐምዱሊላህ!» ሲል ድምፁ ከመኪናው ሥር ስለወጣ ሚስቴ ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ መጣች።

ይህ እንቢ ቢለን ኖሮ ሌላ መንገድ አስቤ ነበር። የውሃ ቱቦ የሚታሰርበት፣ ፋሼታ የሚባለው የብረት ቀለበት አለ። እርሱን በክዳኑ ዙሪያ አጥብቆ ማሰር፣ ከዚያም ወጣ ብላ በምትታየው የፋሼታው ብሎን ራስ ላይ እንጨት ደግፎ ወደ መፍቻው አቅጣጫ በቀላሉ መታ መታ ማድረግ ነው። ምቱ የሚያርፈው በፋሼታው ላይ እንጂ በፕላስቲኩ ላይ አይደለም። የቧንቧ ሠራተኞችን ትልቅ መያዣ ቁልፍ ግን የመጨረሻ አድርጉት። ጥርሱ ጠርዞቹን ይበላቸዋል፤ አንዴ የተበላ ጠርዝ ደግሞ ዋናው ቁልፍ ቢገኝም አይዝለትም።

ክዳኑ ሲወርድ በእጄ ላይ አገላብጬ አየሁት። ከ14ቱ ጠርዞች ሦስቱ ተፋፍቀዋል፤ የመያዣ ጥርስ ምልክት አለባቸው። ቀለበቱ ጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ አንድ ቦታ ላይ ተጠምዝዟል። አዲስ ፊልትሮ ሲገዛ አዲስ ቀለበት በካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ ይህ ግን ስንት ፊልትሮ ሲቀየር ሳይቀየር የኖረ ነው። ቀድሞ የዘጋው ሰው አዲሱን ቀለበት ጥሎ አሮጌውን በጉልበት አካክሶታል ማለት ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ክፉ ሰውም አይመስለኝም። ቸኩሎ ይሆናል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ቆሞበት ይሆናል። ይሁንና ለባለቤቱ የማይታይ ሥራ ከሚታየው ይልቅ አማና እንደሆነ ለልጆቻችን እናስተምራለን። ኢትቃን ብለን በዐረብኛ የምናስጠናው ቃል መኪና ሥር ሲገባ ይህንኑ ነው የሚለው፤ ቀለበቱን ቀይር፤ ልኩ ላይ አቁም። የጠበቀ ሁሉ የተጠነቀቀ መስሎን የምንመሰክርለት እኛ ደንበኞችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። «ጥሩ አድርገህ አጥብቀው» የሚለው ባለመኪናው አይደለምን?

አሮጌውን ዘይት በጄሪካን ተቀበልነው። ከፊልትሮው ጋር የዚህ ሞተር ዘይት 4.2 ሊትር ነው፤ የወጣው ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። ልጁ በልማድ ወደ ግቢያችን ፊት ለፊት ወዳለው ቦይ አመለከተኝ። ከፒያሳ ቦይ የገባ ነገር የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል፣ በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ወደ ደቡብ ወርዶ መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። በመንገዱ ላይ በዚያ ውሃ ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ያ ሰላጣ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛው ገበያ፣ ምናልባትም ወደዚያው ረመዳን ማዕዳችን ነው። መንገድ ላይ የወደቀን እሾህ ማንሣት ምንዳ እንዳለው የምናስተምር ሰዎች፣ በወንዝ ላይ ዘይት ስንደፋ ልጆቹ ምን ይሉናል? ጄሪካኑን ከድነን፣ አሮጌ ዘይት ሰብስቦ ለሚወስድ ሰው እንዲሰጠው መኪናው ኋላ ላይ አስቀመጥነው።

መዝጊያውን በሚመለከት ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅር በሉኝ። የሚቀጥለው አከፋፈት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ቀለበት አውጥታችሁ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ጉድባውን ጥረጉት፤ አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ከተደረበበት ዘይቱ ያፈሳል። አዲሱን ቀለበት በጣታችሁ አዲስ ዘይት ቀቡት። ይህች አንዲት ጠብታ ቀለበቱ እንዳይጠመዘዝ፣ በኋላም እንዳይጣበቅ ታደርጋለች። ከዚያ ክዳኑን በእጅ ብቻ አስገቡት። ጥርሱ ተስተካክሎ ከገባ በሁለት ጣት ይዞራል፤ ካልዞረ ተዛንፏልና መልሳችሁ አውጡት።

የማጥበቂያው ልክ 25 ኒውተን ሜትር ነው። ኒውተን ሜትር የምን ቋንቋ ነው ለምትሉ በአገራችን አነጋገር ላስረዳ። ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ እጀታ ይዛችሁ፣ ጫፉን 10 ኪሎ እንደሚመዝን ዕቃ ባለ ኃይል መሳብ ማለት ነው። ከዚያ አይበልጥም። በገበያ ተመላልሳችሁ አንድ ባለ 10 ኪሎ ዘንቢል ያነሣችሁ እናቶች፣ ይህን ልክ ከብዙ መካኒኮች ይልቅ እጃችሁ ያውቀዋል። ዘይቱን እንዳያፈስ የሚይዘው ቀለበቱ ነው፤ የእናንተ ጡንቻ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ክዳኑ ልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ እንጨቱን መልሶ ያዘ። «አጎቴ፣ ለጥንቃቄ ትንሽ ልጨምርለት?» አለኝ። በስድስት ወር ውስጥ ራሱ እዚያው ሥር እንደሚተኛ አስታወስኩት። ሳቀና እንጨቱን ወረወረው።

ይህን ሁሉ መጨነቅ ለአንድ ክዳን ምን አመጣው የሚል ካለ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታውስ። የኤሌክትሪኮቹ መኪኖች የሞተር ዘይትም፣ ፊልትሮም የላቸውም፤ ለልጅ ልጆቻችን ይህ ጽሑፍ ተረት ይመስላቸው ይሆናል። ዛሬ በእጃችን ያሉት ኮሮላዎች ግን ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ይገባል። አንዲት የተሰበረች ክዳን ፍለጋ ከፒያሳ ሶማሌ ተራ፣ ከሶማሌ ተራ ወደ ሌላ ቦታ የሚመላለስ ወጣት ደግሞ ያን ቀን ለእናቱ ቤት የሚገባ ነገር የለውም።

አዲሱን ዘይት ሞልተን ሞተሩን አስነሣን። የዘይቱ መብራት በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ጠፋ። አሥር ደቂቃ ሠርታ ከጠፋች በኋላ በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ወረቀት አዞርኩበት፤ ደረቅ ነበር። መለኪያው ላይ ትንሽ ጎደል ስላለ ጨመርንበት። ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን በካርቶን ቁራጭ ጽፎ ኮፈኑ ሥር ሲለጥፍ የመግሪብ አዛን ተሰማ። በዘይት የጠቆረ እጁን በኦሞ እያሸ ወደ ውዱእ ማድረጊያው ሄደ፤ ማግሥቱን ከሱብሒ በኋላ ሥራ ላይ ነበር።